አባዬ በብርድ ልብስ የሸፈነው ፍሊፐር

ቆራሌው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር አለ። "እኔ ብረቱን ነው የምፈልገው ማዘር፣ እንጨቱን ለማገዶ ያድርጉት።" እማዬ አልመለሰችለትም። ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማ ዝም ብላ አየችው። ትንሽ ጠበቀና "እሺ ሦስት ሺህ" አለ።

ይሄ የሆነው 2016 ላይ ነው። ፒያሳ እየፈረሰ፣ እኛም ከዶሮ ማነቂያ ልንወጣ ዕቃ እየሸከፍን፣ ግቢው በካርቶንና በፌስታል ተሞልቶ። ታላቅ ወንድሜ ሊሸጠው ወስኗል። እውነቱን ነው፣ የምንገባበት ቤት ጠባብ ነው፣ ይሄ ነገር ደግሞ የሰው ቁመት ያክላል፣ መቶ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ አባዬ ካረፈ ወዲህም ማንም አልነካውም።

ዕቃው ፍሊፐር ነው። ልጆቹ ፒንቦል ይሉታል። እኛ ቤት ግን ጣሊያኖች እንደሚጠሩት ፍሊፐር ነው፣ አባዬ ስሙን የሰማው ከጣሊያን አለቃው ስለሆነ። ጆተኒ ሳይጫወት ያደገ የሰፈር ልጅ የለም፣ ፍሊፐር ግን ሁሉም አላየውም፣ ስለዚህ ልንገራችሁ። እግር ያለው ረጅም ሳጥን ነው። ፊቱ ወደ ተጫዋቹ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ላዩ በመስተዋት ተከድኗል። ሞላ ያለውን ዘንግ ጎትታችሁ ስትለቁት የብረት ኳሷ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ከዚያ ከወዲያ ወዲህ እየተላተመች፣ ደወል እየመታች፣ መብራት እያበራች ትወርዳለች። ታች ሁለት እጆች አሉ። በግራና በቀኝ ያለውን ቁልፍ ስትጫኑ ይመታሉ። ኳሷ በመሀላቸው ሾልካ ከገባች አለቀ። ከሳጥኑ ኋላ ቀጥ ብሎ የቆመ ራስ አለው፣ ራሱ ላይ ሥዕል ያለበት መስተዋት፣ ነጥብ የሚታየውም እዚያ ነው።

አባዬ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ነበር የሚሠራው። ሲጀምር ብርጭቆ አጣቢ ነበር። ጣሊያኑ ማሽን ሲከፍት አጠገቡ ቆሞ እያየ እያየ፣ በኋላ የቡና ማሽኑንም የሙዚቃ ሳጥኑንም ፍሊፐሩንም የሚጠግነው እሱ ሆነ። ፍሊፐሩ በስሙኒ ነበር የሚሠራው። ቅዳሜ ማታ ሰው ስሙኒውን መስተዋቱ ላይ ደርድሮ ተራ ይጠብቅ እንደነበር ይነግረን ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ጣሊያኑም ቤቱን አጣ፣ ያለውን ቀስ በቀስ ሸጦ አገሩ ሊገባ ተነሳ። ለአባዬ የአራት ወር ደሞዝ ነበረበት። ገንዘብ የለኝም፣ ከዚህ ውስጥ የምትፈልገውን ውሰድ አለው። የቡና ማሽኑን መውሰድ ይችል ነበር። እማዬ እስከ ዛሬ ይሄን ስታነሳ ድምፅዋ ይቀየራል፣ ያኔ ወንድሜን አርግዛ ነበር፣ የቡና ማሽኑ ቢሸጥ ለወራት ያኖራቸው ነበር። አባዬ ግን ፍሊፐሩን በጋሪ አስጭኖ መጣ። እንግዲህ እኛ ቤት የዚህ ዕቃ የመጀመሪያ ዋጋ ይሄ ነው፣ የአራት ወር ደሞዝ።

ራሱ ላይ ያለው ሥዕል ደግሞ ምን መሰላችሁ? ነገሥታትና ንግሥታት። ጎትሊብ የሚባለው የቺካጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 የሠራው ማሽን ነው፣ ስሙም ኪንግስ ኤንድ ኩዊንስ ይባላል። የመጫወቻ ካርታ ነገሥታት ናቸው እንጂ ከእኛ ንጉሥ ጋር ምንም አያገናኛቸውም። ግን ዘውድ ዘውድ ነው። ጃንሆይ ወርደዋል፣ ነሐሴ 1967 ሞታቸው ተሰምቷል፣ ፎቷቸው ከየግድግዳው ተነስቷል። በዚያ ጊዜ ዘውድ የደፉ ሰዎች በመብራት የሚደምቁበት መስተዋት አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ማቆም ምን እንደሚያመጣ አባዬ ገባው። ከመስተዋቱ ጀርባ ያሉትን አምፖሎች አንድ በአንድ ፈታ። ራሱን በግራጫ ብርድ ልብስ ሸፈነና በሲባጎ አሰረው። ሳጥኑን ከበሩ የተረፈ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ቀባው። እማዬ ደግሞ ላዩ ላይ ሰፌድና ሌማት ደረደረችበት። የቀበሌ ሰው ሲገባ የእህል ሳጥን ነው የሚመስለው።

አንድ ሌላ ነገርም አደረገ። ፍሊፐር ውስጥ አንድ መዶሻ መሰል ነገር አለ። ተጫዋቹ በነጥብ አሸንፎ ነጻ ጨዋታ ሲያገኝ፣ ኤሌክትሪክ በጥቅል ሽቦ ውስጥ ያልፍና የብረት ዘንጓን አስፈንጥሮ ሳጥኑን ከውስጥ ይመታዋል። ጧ! ይላል። ቡና ቤት ውስጥ የደስታ ድምፅ ነው፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ማነው ያሸነፈው ይላል። 1969 እና 1970 ላይ ግን፣ በዚያ ሰፈር፣ ሰዓት እላፊ ከገባ በኋላ ከአንድ ቤት ጧ የሚል ድምፅ ከወጣ ምን እንደሚከተል፣ ያን ጊዜ የኖረ ያውቀዋል። አባዬ ሽቦዋን ቆረጣት። ጫፎቿን በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለ። ደወሉንም በጨርቅ አፈነው።

እኔ የተወለድኩት 1971 ነው። ስለዚህ እኔ የማውቀው ፍሊፐር ራሱ የተሸፈነ፣ ድምፁ የታፈነ ነው። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ሌማቶቹ ይወርዱና መስኮት ዘግተን እንጫወታለን። ነጥቡ ብርድ ልብሱ ውስጥ ስለሆነ አናየውም። በጆሮ ነበር የምንቆጥረው። የቁጥር ጎማው አንድ በዞረ ቁጥር ጠቅ ይላል፣ የአስሩ ጎማ ድምፅ ከአንዱ ይለያል፣ የመቶው ደግሞ ትንሽ ይከብዳል። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና ኳሷ ስትገባ "ሰባት መቶ ሠላሳ" ይላል። ማንም አይከራከረውም። እኔ መደመር የተማርኩት ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ እዚያ ሳጥን ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነው።

ቲልት የሚለውንም ቃል ከዚያው ነው ያገኘነው። ሳጥኑ ውስጥ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ቱንቢ የመሰለ ነገር በቀለበት መሀል ተንጠልጥሏል። ኳሷን ለማዳን ሳጥኑን ትንሽ ገፋ ብታደርጉት ይፈቀዳል፣ ጨዋታው ራሱ ይሄን ይጠይቃል። ከልክ በላይ ከገፋችሁት ግን ቱንቢው ቀለበቱን ይነካና ሁሉም ነገር ይሞታል። ይሄን ዘዴ ያመጣው ሃሪ ዊሊያምስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ። እኛ ቤት ግን ዘዴው ወደ ሰው ተላልፏል። እማዬ ስንነዘንዛት "ኋላ ቲልት ታደርጉኛላችሁ" ትላለች። ልጆቻችንም ይሉታል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ እንኳ አባዬ ወዲያው አልገለጠውም። ከዓመት በላይ ጠበቀ። ለመስቀል 1985 ሲባጎውን ፈታና ብርድ ልብሱን ሲያወርደው አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው። ያን ሁሉ ዘመን እንደዚያ ያለ ቀለም አጠገባችን ቆሞ እንደነበር ማመን አቃተኝ። ከዚያም በኋላ ተጫውተን ስንጨርስ መልሶ ይሸፍነው ነበር፣ ከልማድ።

እና ለቆራሌው ነገ ና አልኩት።

ያን ማታ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ስለዚህ ማሽን ማንበብ ጀመርኩ። ሌሊቱ ነጋ። ዋጋ የሚባለው ነገር እኔ ከገመትኩት ሌላ ሆኖ አገኘሁት። አሮጌ ስለሆነ ብቻ ውድ አይሆንም። ይኸው ጎትሊብ በ1931 (የአሜሪካኖቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ባፍል ቦል የሚባል የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ አውጥቶ ነበር፣ ዋጋው 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ በሃምሳ ሺህ አካባቢ ሸጧል። ዘጠና ዓመት አልፎት እንኳ ዛሬ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ዶላር አያልፍም። እጅ የለውማ። እጆቹ የመጡት በ1947 ነው፣ ሃምፕቲ ደምፕቲ በሚባለው ማሽን፣ ከዚያ በፊት ኳሷን ወርውሮ ማየትና ሳጥኑን መግፋት ብቻ ነበር። ብዙ ከተማ እንደ ቁማር ያየውም ለዚህ ነው። ኒው ዮርክ በ1942 ከልክላው ከንቲባው ላ ጓርዲያ ማሽኖቹን በመዶሻ ሲሰባብር ፎቶ ተነስቷል፣ ክልከላው የተነሳው በ1976 ነው፣ ያውም ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት ሰዎች ፊት ቆሞ ኳሷ በየት በኩል እንደምትሄድ አስቀድሞ ተናግሮ ወደዚያው ከላካት በኋላ። አባዬ ይሄን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። "ይሄ ቁማር ነው" የሚል ጎረቤት ሲመጣ ክርክር አይገባም፣ "ና ሞክራት" ነበር የሚለው።

በጣም ውዶቹ ደግሞ ከእኛው በሰላሳ ዓመት የሚያንሱት ናቸው። በ1992 የወጣው ዘ አዳምስ ፋሚሊ 20,270 ተመርቷል፣ በዘመናዊ ፍሊፐር ታሪክ ይሄን ያህል የተሸጠ የለም። እንደዚያ በዝቶም ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል። በ1997 የወጣው ሜዲቫል ማድነስ አራት ሺህ ገደማ ብቻ ስለተሠራ ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ሲሸጥ ታያላችሁ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በኋላ ሳስበው፣ በ1990ዎቹ ጎረምሳ የነበረ አሜሪካዊ ዛሬ ደሞዝ አለው፣ ምድር ቤት ያለው ቤት አለው። የሚፈልገው ያኔ ኪሱ ባዶ ሆኖ ጥሎት የሄደውን ማሽን ነው። በ1960ዎቹ የተጫወቱት ግን እያረጁ፣ እያረፉም ነው። ለዚህ ይመስለኛል የእኛው ዓይነቱ አብዛኛው ከጥቂት መቶ እስከ ሁለት ሦስት ሺህ ዶላር ባለው ውስጥ የሚቀረው።

በዚያ ውስጥም ልዩነት አለ። በጣም የሚፈለጉት ለአንድ ተጫዋች ብቻ የተሠሩት የጎትሊብ ማሽኖች ናቸው። ራሳቸው ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች ይጠባል፣ ሰብሳቢዎች ዌጅሄድ ይሏቸዋል። ለአራት ሰው የሚሆነው በብዛት ይመረት ነበር፣ ጨዋታውም ቀለል ያለ ነው። ለአንድ ሰው በሚሆነው ላይ ግን ነዳፊዎቹ አእምሯቸውን አውጥተው ሠርተውበታል። የእኛው ዌጅሄድ ነው። የነደፈው ዌይን ኒየንስ፣ ሥዕሉን የሳለው ሮይ ፓርከር፣ ሁለቱም በሰብሳቢዎች ዘንድ ትልቅ ስም ያላቸው ናቸው። ሦስት ሺህ እንኳ አልተሠራም። ውስጡ ኮምፒውተር የለም፣ ቺፕ የለም። ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ)፣ ሞተር፣ ጥቅል ሽቦና በመቶ የሚቆጠሩ መነካኪያዎች ናቸው ሒሳቡን የሚሠሩት። አባዬ በካቻቢቴና በአልኮል በነከረ ወረቀት ሲያጸዳቸው የኖረው እነዚያን ነው።

በሰው በሰው አንድ ሰብሳቢ አገኘሁ፣ አሜሪካ የሚኖር ሽማግሌ። ማሽኑ ይሠራል ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ስለ ራሱ መስተዋት ነው የጠየቀኝ። ሥዕሉ ከመስተዋቱ ጀርባ ነው የሚታተመው። አምፖሎቹ ከኋላው ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ፣ እርጥበትም ሲጨመር፣ ቀለሙ እየተቀረፈ ይረግፋል። ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ቀዩ ይሞታል። ሌላው ነገር ይጠገናል፣ የረገፈ ቀለም ግን እንደነበረው አይመለስም። ስለዚህ ከጀርባው መብራት አድርጌ እንዳነሳው ጠየቀኝ። ባትሪ ከኋላ ይዤ አነሳሁለት። አንድ ጥግ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቦታ ረግፋለች፣ ሌላው ሙሉ ነው። ደግሜ እንዳነሳ ነገረኝ። ከዚያ "ይሄ መስተዋት ሃምሳ ዓመት የት ነበር የተቀመጠው?" አለኝ።

በብርድ ልብስ ውስጥ አልኩት። አምፖሉ ተፈትቶ።

ከዚያ ደግሞ መቀነስ ጀመረ። አረንጓዴው ቀለም ዋጋውን በጣም ይጥለዋል። ከሥሩ ያለው የፋብሪካው ቀለም መዳኑ ያጠራጥራል። የጎማ ቀለበቶቹን አባዬ ከብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጦ ነው የሠራቸው፣ ይሄም ይቀነሳል። አንዱ እግር ከምናለሽ ተራ የተገዛ ነው፣ ይቀነሳል። ኳሷ ጠፍታ ከመኪና ኩሽኔታ የወጣች ተተክታ ነበር፣ እሷም ዝጋ ሜዳውን፣ ኳስ የሚሮጥበትን እንጨት፣ ጭራዋለች። ኳስ ሻካራ ከሆነች እንጨቱን እንደ ሞረድ ትበላዋለች። በእጆቹ አጠገብ ቀለሙ ሲለቅ አባዬ በትንሽ ብሩሽ ደራርቦ ቀብቶታል፣ ባይነካው ይሻል ነበር አለኝ ሰውዬው። በትሕትና ነው የነገረኝ፣ አልዋሸኝም፣ እኔም አመሰግነዋለሁ።

ግን ስልኩን ዘግቼ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። አባዬ በፍርሃት የሸፈነው ነገር ዋጋ ጨመረ። ከሥራ መጥቶ ራቱን ሳይበላ ጎንበስ ብሎ የጠገነው ነገር ሁሉ ዋጋ ቀነሰ። የሰውዬው ሒሳብ ለእሱ ትክክል ነው። እሱ የሚፈልገው በ1965 ከፋብሪካው በር የወጣውን ማሽን ነው። እኛ ግን ያንን ማሽን አናውቀውም። የኛው አረንጓዴ ነው።

ዋጋውን ነገረኝ። ለመስተዋቱ ብቻ 900 ዶላር። ሙሉውን ከአዲስ አበባ ለማጓጓዝ የሚወጣው ከዕቃው ይበልጣል፣ ስለዚህ አያዋጣኝም አለ። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ይሄ ከቆራሌው ዋጋ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ወንድሜ ዓይኑ በራ፣ አልፈርድበትም፣ የኪራይ ቅድሚያ ክፍያ አንገቱ ላይ ነበር። እህቴ ደግሞ ከተሸጠ ሁሉም ይሸጥ፣ ካልተሸጠም ይቅር አለች። እንዲህ እየተባባልን ከበርጩማው ላይ እማዬ ተናገረች።

"ያ ብርድ ልብስ የእኔ ነበር።"

ዝም አልን።

"ቤት ውስጥ የነበረው ብርድ ልብስ አንድ ነው። ለሱ አልብሶት እኔ ሁለት ክረምት በጋቢ ነው የተኛሁት። ልጅ ታቅፌ።" ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። "አንተን ነው የታቀፍኩት።"

ከዚህ በኋላ ስለ ዋጋ ያነሳ የለም። ቆራሌው በማግሥቱ ሲመጣ ወንድሜ ራሱ ወጥቶ የተሰበረ ምድጃና የዛገ የአልጋ ብረት ሰጥቶ ሸኘው።

ፍሊፐሩ አሁን እኔ ጋ ነው፣ አራት ኪሎ አካባቢ፣ ሳሎኑን ግማሽ ይዞታል። ሲጓዝ ራሱን ከሳጥኑ ለየነው፣ እግሮቹን ፈታን፣ መስተዋቱን በዚያው ግራጫ ብርድ ልብስ ጠቀለልነው፣ አራት ወዛደሮች ናቸው የተሸከሙት። ሳጥኑን ስንከፍት ከሥሩ የጃንሆይ ስሙኒ፣ የፀጉር ማያያዣ፣ አንድ የልጅ ጫማ ማሰሪያና ሁለት የደረቀ ሽምብራ ወጣ። በእንጨቱ ውስጠኛ ጎን ላይ ደግሞ በእርሳስ የአባዬ ጽሑፍ። "ኅዳር 71 ጎማ ተቀየረ።" "ጥር 76 የግራው እጅ ጥቅል።" "መስከረም 85 አምፖል 6፣ ሌላው ይቅር።" ከመቶ በላይ መስመር አለ። ለሰውዬው ፎቶውን ላክሁለት። ይሄንን ፈጽሞ እንዳታጠፉት፣ ሰብሳቢዎችም ይሄን ይወዳሉ ብሎ መለሰልኝ፣ ደስ አለኝ።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰሞኑን አሮጌ ቤት የሚለቀው ብዙ ነው። ፍሊፐርም ይሁን የሙዚቃ ሳጥን፣ የሆነ አሮጌ ማሽን ከጓዳ ቢወጣላችሁ እባካችሁ እስቲ ይሠራ እንደሆነ ብላችሁ ሶኬት ላይ አትሰኩት። የአሜሪካ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ለ115 ቮልት አካባቢ ነው የተሠራው፣ የኛ መስመር 220 ነው፣ አባዬ ለብቻው ትራንስፎርመር ነበረው። ዕቃው በትክክለኛው ቮልት ቢሆንም አይጥ የበላው ሽቦ፣ በሽቦ የተተካ ቫልቮላ ሊኖር ይችላል፣ ቤት ያቃጥላል። መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይክፈተው። ሥዕል ያለበት መስተዋት ካለው ደግሞ ጀርባውን አትጥረጉት፣ በደረቅ ጨርቅም ቢሆን፣ ቀለሙ ከጨርቁ ጋር ይመጣል። አቁማችሁ አስቀምጡት፣ በቀለሙ በኩል ምንም አይንካው። ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ውስጡ የተለጠፈ ወረቀት፣ የታጠፈ የሽቦ ንድፍ ካለ እንደ ቆሻሻ እንዳታዩት፣ ያለ እሱ ጠጋኙ በጨለማ ነው የሚሠራው። ለሚገዛችሁ ሰው ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት ስሙን ከራሱ መስተዋት ላይ አንብቡ፣ ቆራሌው ኪሎ ነው የሚያየው፣ ሥራው ነውና።

የኛውን አባዬ ጋር የሠሩ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋሼ መጥተው ሦስት ቅዳሜ ሠሩበት። መነካኪያዎቹን አጸዱ፣ አንድ የተቃጠለ ጥቅል እንደገና ጠመጠሙ። የአሜሪካው ሰውዬ ደግሞ በአገር ቤት መንገደኛ እጅ ትክክለኛ የጎማ ቀለበቶችና አዲስ ኳስ ላከልን፣ ገንዘብ አልተቀበለም። ኳሷ ስታበራ መስተዋት ናት። ጎማዎቹን ከአንዱ በቀር ሁሉንም ቀየርን። አንዱ የከመነዳሪ ጎማ ከላይ በግራ በኩል አለ፣ ኳሷ እሱን ስትነካ ድምፁ ደብዘዝ ይላል፣ እማዬ ማድ ቤት ሆና ትለየዋለች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ጋሼ ከውስጥ ያቺን በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች ሽቦ አገኟት። ካውያው ሞቋል። ጭንቅላታቸውን ከሳጥኑ አውጥተው "ይቺስ ትያያዝ?" አሉ። ሁላችንም እማዬን አየናት። ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን ትንሽ አወዛወዘችና "ይተዋት" አለች።

ጋሼም ተዋት።

አሁን እሁድ እሁድ የወንድሜና የእህቴ ልጆች ይመጣሉ። ነጥቡ በደንብ ይታያል፣ ብርድ ልብሱ ተነስቷል፣ እነሱ ግን ከእኔ ተምረው ዓይናቸውን ጨፍነው ይወራረዳሉ። ነጻ ጨዋታ የሚያስገኘው ነጥብ ሲሞላ ማሽኑ ዝም ይላል። ልጆቹ ናቸው በአንድ ድምፅ "ጧ!" ብለው የሚጮሁት፣ እማዬም ከማድ ቤት "ማነው ያሸነፈው?" ትላለች።